ሦስት ወር ተምሬ ገና ነኝ፤ በገናውን ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው፣ የምሠራው ባንክ ቤት ነው። ደሞዜ አያስከፋም። ግን ማታ ቤት ስገባ ባዶነት ይሰማኛል፣ ስልኬን ስነካካ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ጓደኛዬ "ነፍስሽን ያሳርፍልሻል" ብላኝ በገና መማር ጀመርኩ። ይኸው ሦስተኛ ወሬ ነው። እረፍቱ ቀርቶ ጭራሽ ብስጭት ሆነብኝ። አብረውኝ የጀመሩት መዝሙር ይደረድራሉ፣ እኔ ገና ከጣቴ ጋር እታገላለሁ። የተፈጠርኩለት ነገር ቢሆን እንዲህ ይከብደኝ ነበር? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቶሎ አትተዪው። "የተፈጠርኩለት ቢሆን አይከብደኝም" የምትይውን ግን አልቀበልም። በገና ለማንም አይቀልም። አሥር አውታር አለው፣ አውታሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው፣ ዛሬ የቃኘሽውን ነገ ወርዶ ታገኚዋለሽ። በዚያ ላይ እንዚራው አለ።

እኔ ስማር ከሁሉም ያማረረኝ እሱ ነበር። ያቺን ቁራጭ ቆዳ በአውታሩና በብርኩማው፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ ማለቴ ነው፣ መካከል ትሸጉጫታለሽ፤ ቦታዋን ካልያዘች ድምፁ ይደርቃል ወይ ይታፈናል፣ ያ ሆድ ድረስ የሚገባው ንዝረት የሚመጣው ፀጉር በምታህል ልዩነት ነው። መምህሬ አንድ ቀን ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በአንድ አውታር እንዚራ አስጨረሰኝ። መዝሙር የለ፣ ምን የለ። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ድንገት አውታሩ ነዘረ፣ ደረቴ ላይ ተሰማኝ፣ ቀና ስል መሽቷል። ለካ ያን ሁሉ ሰዓት የቤት ኪራዩንም አላሰብኩ፣ ስልኬንም አልነካሁ። አንቺ የምትፈልጊውን እረፍት እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ገና አንድ መዝሙር እንኳ ሳልችል።

የበገና ደርዳሪውን መምህር ዓለሙ አጋን ሰምተሻቸው ታውቂያለሽ? በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው የተማሩት። በኋላ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በደርግ ጊዜ ግን የበገናው ትምህርት ተቋረጠ። እሳቸው በገናውን አልተዉትም። አንቺ ዛሬ ከሥራ ወጥተሽ ተመዝግበሽ የምትማሪው እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላልተዉት ይመስለኛል፣ ይህን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር መፎካከሩን ተይው። አንድ መዝሙር ብቻ ያዢ። ግጥሙን መጀመሪያ በቃልሽ አጥኚው፣ ከዚያ ጣትሽ ይከተላል። ማታ ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቀስ በይ፣ በገና ራሱ የዝግታ ነው፣ ማን አስቸኮለሽ? ዜማው እጅሽ ሲገባ ደግሞ የራስሽን ስንኝ ሞክሪበት፤ ግጥሙን ራሳቸው የሚገጥሙ ደርዳሪዎች ብዙ ናቸው፣ ያኔ መሣሪያው ያንቺ መሆን ይጀምራል። የሕይወትሽ ጥሪ ይሁን አይሁን ግን በሦስት ወር አይታወቅም፣ አሁን እሱን አትጠይቂ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ለጀማሪ እንዚራውን ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው አስተካክሎ የሚሰጠው። በሚቀጥለው ክፍል ቀደም ብለሽ ግቢና "ዛሬ እኔ ልሞክረው" በያቸው።