ፕሮጀክተሩ በትምህርት መሃል ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የክፍሉ ፕሮጀክተር 20 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ቀይ የሙቀት ምልክት ያበራና ይጠፋል። መብራት በተደጋጋሚ ስለሚሄድ ነው መሰለኝ፣ ምስሉም ደብዝዟል። ምን ይሻላል?
መምህርት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየር ማጣሪያው ነው። የጠመኔ ብናኝ እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ይለጠፍበትና ማራገቢያው አየር መሳብ ያቅተዋል፤ መሣሪያው ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ከሶኬት ነቅለው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ይተዉት። ክዳኑን ከፍተው ማጣሪያውን ያውጡና ውጭ ወስደው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። በአፍዎ አይንፉበት፣ ብናኙ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት ደግሞ ችግሩን ከምንጩ ይቀንሰዋል። በአየር ማስገቢያና ማስወጫው ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን።

የመብራቱ ነገር እውነት ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆማል፣ አምፖሉ ግን እንደጋለ ይቀራል፤ ዕድሜውን የሚበላው ይህ ነው። ሲመለስ 10 ደቂቃ ሳይጠብቁ አያብሩት። ትምህርት ቤቱ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ቢገዛ፣ 300 ዋት ለሚወስድ ፕሮጀክተር ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። እባክዎ ያችን ጊዜ ለማስተማር አይጠቀሙባት፤ በማጥፊያው አጥፍተው ማራገቢያው እስኪቆም ይጠብቁባት።