በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚሰነጠቅ የአይሱዙ ጭስ ማውጫ

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን ጠያቂያችን ጤፍ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱበት የ1998 ሞዴል አይሱዙ ኤን ፒ አር አላቸው። ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) ቀጥሎ ያለው የጭስ ቱቦ ሦስት ጊዜ ተበይዶ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ብየዳው አጠገብ እንደተሰነጠቀ፣ ዳገት ላይም የጭሱ ሽታ ጋቢና ውስጥ እንደሚገባ ይገልጻሉ። በያጁ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) እና የኤግዞስት ብሬኩን (ጭሱን ዘግቶ ሞተሩን የሚገታውን ፍሬን) ቫልቭ አውጥቶ ከፊት እስከ ኋላ በጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ በርካሽ እንደሚሠራላቸው ነግሯቸዋል። ጥያቄያቸው በዚህ ይስማሙ ወይስ ሙሉውን ይቀይሩ የሚል ነው።

ሙሉውን ይቀይሩ፤ ማርሚታና ኤግዞስት ብሬክ ግን እንዳይቀሩ። ይሁን እንጂ አንድም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ቱቦው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሚሰነጠቅ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱ ካልተገኘ አዲሱም ቱቦ እዚያው መሰንጠቁ አይቀርም።

ስንጥቁን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ብረቱ ሳስቶ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ፣ በመዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚረግፍ ከሆነ ዝገት በልቶታል። ብረቱ ውፍረቱን እንደያዘ ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ተነሥቶ ቱቦውን ዙሪያውን የሚከተል ቀጭን መስመር ከሆነ ግን ቱቦው በተደጋጋሚ እየተጣመመ ደክሟል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ መሰንጠቁ ይህን ሁለተኛውን ያመለክታል። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ሲነሣ፣ ሲጠፋና ዳገት ላይ ሲጨነቅ ይወዛወዛል፤ ማርሚታው ደግሞ የተሰቀለው ሻንሲው ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቱቦ እንቅስቃሴውን የሚቀበልበት ተጣጣፊ ክፍል ወይም የሚላወስ የጎማ ማንጠልጠያ ካጣ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው በብየዳ የጠነከረው ክፍል ባለቀበት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ረዳትዎ ሞተሩን እያስነሣ ሲያጠፋ እርስዎ ከጎን ሆነው ይመልከቱ። ሞተሩ ከልክ በላይ የሚዘል ከሆነ የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹ አልቀዋልና ከጭስ ማውጫው በፊት እነርሱ ይቀየሩ። የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማ ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ ወይም በብረት የተበየደ ከሆነም የችግሩን ግማሽ አግኝተዋል።

ኤግዞስት ብሬኩ በዚህ ጉዳይ ላይ ልዩ ቦታ አለው። የእርስዎ መንገድ ዓባይ በረሃን ያቋርጣል፤ ሄዱም መጡ በጭነት መኪና ረጅም ቁልቁለት ይወርዳሉ። ቫልቩ ሲዘጋ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን ይገታዋል፤ የእግር ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራና የከበሮዎቹ ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ተነቅሎ ሲቀር ቁልቁለቱን ሁሉ የሚሸከመው የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው፤ የፍሬን ሸራ በጣም ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ቫልቩን ያስወጡ የሚለውን ምክር ማንም ይምከርዎ አይቀበሉ። በሌላ በኩል ቫልቩ ሲዘጋ ከእርሱ በስተፊት ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ከፍ ስለሚል ደካማ ብየዳና ያረጀ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) መጀመሪያ የሚሸነፉት እዚያ ነው። ከማኒፎልዱ እስከ ቫልቩ ያለው ክፍል በወፍራም ቱቦና በፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር የቱቦ ጫፍ) እንጂ በተደራረበ ብየዳ መሠራት የሌለበትም ለዚህ ነው። ቫልቩን ሲያወጡት ጥላሸቱን ያጽዱት፤ ዘንጉ በእጅ ሲገፉት ያለ መያዝ መዞርና ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። በግማሽ ተከፍቶ የሚቀር ቫልቭ የሞተሩን ጉልበት ይነሣል፣ ጥቁር ጭስም ያስወጣል።

ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከባድ ነው፤ ክብደቱ ማኒፎልዱንና ማንጠልጠያዎቹን ይጎትታል። የተቀባው ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ ሙቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያን ጭስ የተነፈሰ በያጅ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ደረቱንም ይይዘዋል። ወተት መጠጣት ያድናል የሚባለው ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው ጭሱን አለመተንፈስ ነው። ከዚህም ሌላ የውሃ ቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከነበረው ከጠበበ ሞተሩ ጭሱን ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ ያም በናፍጣ ወጪና በሙቀት ይታያል። የእርስዎ 4.3 ሊትር ሞተር ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ስለሆነ ማርሚታውን ማውጣት ይህ ነው የሚባል ጉልበት አይጨምርለትም፤ ትርፉ በየመንደሩ የሚያልፉበት ጩኸት ነው።

አዲስ ማርሚታ ካላገኙ አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መፈለግ ነውር የለውም፤ ምርመራው ግን የጥንቃቄ ይሁን። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ መኪናው ሳይሞቅ አጫጭር መንገድ ሲሄድ ያ ውሃ ማርሚታው ውስጥ ይቀርና ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ የውጭ ቀለሙ አያታልልዎት። አንሥተው ይነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክፍልፋዩ ተለያይቷል። የታችኛውን ጎኑንና የሁለቱን ጫፎች መገጣጠሚያ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፤ የሚሰረጉድ ከሆነ ይተዉት። ለቱቦው ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ የጭስ ማውጫ ቱቦ ይፈልጉ፤ ዲያሜትሩም ከነበረው አይነስ። የድሮውን ቱቦ እስከ መጨረሻው አይጣሉት፤ መጣመሙን የሚለኩበት ሞዴል እርሱ ነው።

ሲፈቱ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ጋቢናው ሲነሣ የመቆለፊያ ድጋፉ መግባቱን በዓይንዎ ሳያዩ ከሥሩ አይግቡ። የማኒፎልዱን ብሎኖች ከዋዜማው ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ያርሷቸው። ያልላላውን ዳዶ በጉልበት ከመጠምዘዝ ዙሪያውን በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ማሞቅ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ጥቂት ወደ መፍቻው እያሉ ማላቀቅ ይሻላል፤ ያረሷቸውን ዘይት ግን አስቀድመው ይጥረጉ፣ የናፍጣ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ አለመኖሩንም ያረጋግጡ። ብሎኑ ተቆርጦ ከቀረ የቀረው ጫፍ ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ብየዳው የሚሰጠው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቃልና። ያረጀ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በግራይንደር አይፍጩት፣ በአየርም አይንፉት፤ በውሃ አርሰው በእጅ ይፋቁት።

ማኒፎልዱ ከወጣ በቀጥተኛ ማስመሪያ ብረት ፊቱን ይፈትሹ። ተጣሞ ከሆነ ጓርኒሲዮን ቢደራርቡበትም ስለማይዘጋ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስልጡት። የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ተሰባሪ) ብረት ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ቢበየድ ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ይሰነጠቃል፤ የኒኬል ኤሌክትሮድና አስቀድሞ ማሞቅ ይፈልጋል፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ካልተገኘ ሌላ ማኒፎልድ መግዛት ይቀላል።

አዲሱን ሲገጥሙ ማኒፎልዱን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ፣ በሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ። ከእርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ አላልተው ይስቀሉት፤ ቱቦው በራሱ ክብደት ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ ያጥብቁ። በክሪክ ተገፍቶ ወይም በገመድ ተጎትቶ የተገጠመ ቱቦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተወጥሯል፤ የእርስዎ ቱቦ አንዱ በሽታም ይህ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ከፍሬን መስመር፣ ከናፍጣ ታንከርና ከካሶኒው እንጨት ርቆ ማለፍ አለበት፤ የኤግዞስት ብሬኩ የቫኪዩም ጎማም እንዳይነካው። ብየዳ ካስፈለገ መኪናው ላይ ነጥብ በነጥብ ይያዝና ወርዶ መሬት ላይ ይጨረስ። መኪናው ላይ መበየዱ ግድ ከሆነ የሁለቱም ባትሪዎች ገመድ ይፈታ፣ የብየዳው ማስያዣም ከሚበየደው ብረት ራሱ ላይ ይያዝ፤ ሻንሲው ላይ ርቆ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በካምቢዮው ኩሽኔታ በኩል አልፎ ሊያበላሸው ይችላል።

ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው፣ የኋላውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሲያፍኑት መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያስተነፍሳል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ በመገጣጠሚያ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካዩም እዚያ አልያዘም ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ የሽታውን ነገር በቀላሉ አይዩት። በአይሱዙ ጋቢናው ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ ከፊት ቱቦው የሚያመልጥ ጭስ በማርሽ ዘንጉ ጎማና በወለሉ ቀዳዳ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚሸትዎ አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ይህ ጋዝ የደምን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከተሰማዎ ቆመው ይውረዱ። ረዳትዎም ሞተሩ እየሠራ ጋቢና ውስጥ አይተኛ።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበቃ ከፊት ይጀምሩ፤ የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹ፣ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን፣ እስከ ኤግዞስት ብሬኩ ያለው ቱቦና የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማዎች ይቅደሙ። ማርሚታውና የኋላው ቱቦ፣ ጭሱን ከጋቢናው ኋላ እስካስወጡ ድረስ፣ ለሚቀጥለው ወር ቢቆዩ ይችላሉ።