የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለምን አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል?

ወንድማችን «ስለላ የማያልቅ ሥራ ነው፤ ታዲያ የሠራተኛው ቁጥር ለምን ከፍ ዝቅ ይላል?» ብሎ ጠይቋል። እኔ ሰላይ አይደለሁም። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ነው ያረጀሁት። ስለ ስለላ የማውቀው ያነበብኩትን ያህል ነው። ቅጥር ሲከፈትና ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ግን በደንብ አውቃለሁ።

ቁጥሩን ከሁሉ በላይ የሚያንቀሳቅሰው ፍርሃት ነው። የእንግሊዙ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤም አይ 5 እ.ኤ.አ. በ1914 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሃያ ሰው እንኳ አልሞላም ነበር። በ1918 ከ800 በላይ ሆነ። ጦርነቱ አለቀ፣ በጀቱ ተቆረጠ፣ ሰዉም ተበተነ።

አሜሪካም ያው ናት። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ «ከእንግዲህ ማንን እንሰልላለን?» ተባለና ቅጥሩ ቀዘቀዘ። በ2001 አሜሪካ ላይ የደረሰውን የመስከረም 11 ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን እንደጻፈው፣ በ1995 ሠልጥነው ወደ ሲአይኤ (የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት) የምስጢር ክፍል የገቡት አዲስ መኮንኖች 25 ብቻ ነበሩ። ከጥቃቱ በኋላ ደግሞ ሩጫ ሆነ። በ2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ የመስክ ሰላዮችና ተንታኞች ቁጥር በግማሽ እንዲጨምር አዘዙ።

ትእዛዝ ቀላል ነው። እኛ ጋ ቅጥር በሰርኩላር ታግዶ ዓመታት ቆየ። መጀመሪያ ማንም ጉዳቱን አላየም፤ ደመወዝ ተረፈ፣ አለቆችም ተመሰገኑ። ነባሮቹ አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። መዝገብ ቤት የነበሩት እትዬ ሲወጡ የድሮ ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። እገዳው ሲነሳ ወጣቶች በአንዴ ገቡ። ማን ያሠልጥናቸው? አንዱ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ነው፣ ሌላው ትናንት የተመረቀ። መሃል ላይ ሰው የለም።

ስለላ ላይ ይሄ ይብሳል። ቋንቋ መልመድ፣ ሰው ማግባባት፣ ምንጭ ማፍራት ዓመታት ይወስዳል። ቡናም ቢሆን ዛሬ ተክለኸው ሦስት አራት ዓመት ሳትጠብቅ አትለቅመውም። ስለዚህ በ1995 ያልተቀጠረው ሰው በ2001 ሲፈለግ የለም፤ በ2004 የተቀጠረውም ገና ጀማሪ ነው።

ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ቴክኖሎጂም ሰው ያስቀንሳል። በ1977 የሲአይኤ ኃላፊ የነበሩት አድሚራል ተርነር ከምስጢር ክፍሉ 820 ያህል መደብ አጥፈዋል። ሳተላይቱንና የመሣሪያ ስለላውን ነበር የሚያምኑት።

መብዛት ደግሞ ዋስትና አይሆንም። የምሥራቅ ጀርመኑ የስለላና የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሽታዚ በ1989 ወደ 91,000 ቋሚ ሠራተኛ ነበረው። በሰላማዊ ሰልፍ የተነሳውን ሕዝብ ግን ማስቆም አልቻለም።

አንድ ቁጥር ስታነብ የኮንትራት ሠራተኞችን ይጨምር እንደሆነ እይ። በመዋቅር ላይ አይታዩም እንጂ እዚያው ቢሮ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። በ2013 የሲአይኤ ሠራተኞች ወደ 21,500 መሆናቸው የታወቀው ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣው ምስጢራዊ የበጀት ሰነድ ነው። እሱ ራሱ በጊዜው የኮንትራት ድርጅት ተቀጣሪ ነበር።