ይነቀል ወይስ ይትረፍ? የጥርስ ጥያቄዎቻችሁ

የላካችሁልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። ዞሮ ዞሮ ግን «ዶክተር፣ ላስነቅለው ወይስ ላሳክመው?» የሚል ነው።

ጥያቄ፦ ቆሎ ስቆረጥም የመንጋጋ ጥርሴ ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ። ባለቤቴ «አስነቅለህ ተገላገል» ትለኛለች።

መልስ፦ ይቺ ቆሎ ስንቱን ወደ እኔ እንደላከች! መጀመሪያ ራጅ ይነሱ። እኔ የማየው የወደቀውን ሳይሆን የቀረውን ነው። ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ከተረፈ ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚለበስ ሽፋን) የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። ነርቩ ከተነካ ቀድሞ ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ እስከ ሥሩ አጽድቶ መድፈን) ይሠራል። ስንጥቁ ቁልቁል ሥሩን ሰንጥቆት ከሆነ ግን እኔም ከባለቤትዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ ከርሞ አሁን በራሱ ተወኝ። ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱን እየበላ ይቀጥላል። አንድ ቀን ጉንጭዎ አብጦ ይነሳሉ። አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም አያድነውም። በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ መድኃኒቱ በየት በኩል ይግባ? ወይ ውስጡ ይጸዳል፣ ወይ ጥርሱ ይወጣል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነጭ ሽንኩርት መወተፍም ይቅር፤ ድድ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ሩት ካናል የተሠራ ጥርስ መሰበሩ አይቀርም ይባላል። ታዲያ ምን አደከመኝ?

መልስ፦ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ክራውን ያልለበሰው የኋላ ጥርስ ነው። አንድ ታካሚዬ «ክራውኑን ብር ሳገኝ» ብሎኝ ሄደ። ከወራት በኋላ ስባሪውን በሶፍት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ለሁለት ተከፍሏል፤ ከመንቀል ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ስለዚህ ሲያስቡ የሩት ካናሉንም የክራውኑንም ዋጋ ደምረው ያስቡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ለ2 ሳምንት አዲስ አበባ ስመጣ አስነቅዬ ኢምፕላንት አስተክዬ ልመለስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደርስልሽም። የኢምፕላንቱ ብሎን፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ ጥርሱ ሥር የሚሆነው፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ከተተከለ በኋላ አጥንቱ አጥብቆ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ሁለት ጉዞ አስቢ። ጥርሱ የሚተርፍ ከሆነ ግን ሩት ካናልና ክራውን በ2 ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ከመምጣትሽ በፊት ራጁን ላኪልን።

ጥያቄ፦ አስነቅዬ ክፍቱን ብተወውስ?

መልስ፦ መጨረሻ የበቀለችው መንጋጋ ከሆነች ይተዉት። ሌላ ከሆነ ግን ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ፣ ትይዩ ያለውም ይረዝማል። ብር ካጠረ እየወለቀ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። ዛሬ ሐኪም ጋ ሳልወስደው መሽቷል። ወዲያው ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ይውሰዱት። እንዲህ ሲያጋጥም ጥርሱን በነጩ በኩል ይያዙ፣ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈትጉት። ከቆሸሸ በወተት ለቅለቅ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱት፣ ልጁ መሐረብ ነክሶ ይያዘው። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከተው ይሩጡ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከደረሰ ተስፋው ጥሩ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመልሱት፤ ከላዩ ያለውን ገና ያልወጣ ጥርስ ይጎዳል።