የካሊፎርኒያን ባሕር ዳርቻ በአርቪ ለመዞር ላሰብሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ወላጆችሽ ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሁለት ልጆች አሉሽ፤ ከሎስ አንጀለስ ተነስታችሁ ባሕሩን ይዛችሁ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በአርቪ፣ አልጋና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና፣ ለመሄድ አስባችኋል። «ምን እንጠንቀቅ?» ብለሻል። እኛም በፈረንጆቹ 2024 ሐምሌ ላይ በዚሁ መንገድ ወጥተን ነበር። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እኔ። ዘጠኝ ቀን። እናቴ ዛሬም ድረስ ታወራዋለች። እኔ ግን ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

አንደኛ፣ ማደሪያ። የስቴት ፓርኮች ቦታ ከስድስት ወር በፊት በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 ላይ ይከፈታል። ባሕር ዳር ያሉት ወዲያው ያልቃሉ። ግን ሰው ይሰርዛል። ባለቤቴ ሞሮ ቤይ ፓርክ ላይ ቦታ ያገኘችው በየምሽቱ ስልኳን እያየች ነው። ረጅም አርቪም አትከራዩ። ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ ከ32 ጫማ በላይ አያስገባም። የኛ 25 ጫማ ነበር፤ በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀበቶ። «ስድስት ሰው ያስተኛል» ሲሉሽ ስድስት ቀበቶ አለው ማለት አይደለም። ቀበቶውን ቁጠሪ። የልጆች መቀመጫ የቱ ወንበር ላይ እንደሚታሰርም ሳትከራዪ ጠይቂ። አልጋ ላይ ተኝቶ መሄድ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንስ። እዚህ ላይ ልቆይ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት አሥራ ስምንት ጎማ ነድቻለሁ። በረዶ ላይ ነድቻለሁ፣ ተራራ ላይ ነድቻለሁ፤ አንድ ቀን ሰው መኪና ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ መንዳት አይችል ይሆናል ብለሽ እንዳታልፊው። ትልቅ መኪና የሚሄደው ለትልቅ መኪና በተሠራ መንገድ ነው። አርቪ ግን የከተማ መንደር ውስጥ ይገባል። ካርሜል የምትባል ውብ ከተማ አለች። መንገዷ ጠባብ ነው፤ ዛፉ እላይ ተቃቅፏል። እናቴ ባሕሩን በቅርብ ትይ ብዬ ወደ ታች ታጠፍኩ። በሰዓት አሥር ማይል እንኳ አልሄድም ነበር። ከላይ የሚቀደድ ነገር ድምፅ ሰማሁ። ቅርንጫፍ ነው። የኤሲውን ክዳን ሰብሮ ጣሪያውን ከአንድ ክንድ በላይ ቀደደው።

አልደነገጥኩም። ለምን? ስከራይ ካውንተር ላይ የነበረችው ልጅ «ሙሉ ሽፋን ነው» ብላኝ በቀን 32 ዶላር ከፍያለሁ። ስመልሰው ሌላ ሰው ነው የተቀበለኝ። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። «ጣሪያና የመኪናው ሆድ አይሸፈንም፤ የፈረምከው ውል ላይ አለ» አለኝ። ገጽ 7 ላይ፣ በደቃቅ ፊደል። እውነትም አለ። ያቃጠለኝ እሱ ብቻ አይደለም። እናቴ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ሲመታት አንድ ወንበር አላቀረቡላትም። ገብታ ትቀመጥ ብዬ ስጠይቅ «ውስጥ ተከራይ ብቻ ነው» አለኝ። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

3,650 ዶላር ጠየቁኝ። 1,500 ማስያዣውን ወሰዱ፤ ቀሪውን ከካርዴ ቆረጡ። ክሬዲት ካርዴ የመኪና ኪራይ ሽፋን አለው ብዬ ደወልኩ፤ አርቪ አይጨምርም አሉኝ። ብዙዎቹ ካርዶች እንዲህ ናቸው። የራሴ የመኪና ኢንሹራንስም አልነካውም። ስንረከብ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቀርጬ ነበር፤ ጎማውን፣ መስታወቱን፣ የፍሪጁን በር ሳይቀር። ጣሪያውን ግን አልቀረጽኩም! የኤሲው ክዳን ፕላስቲክ ፀሐይ የበላው፣ ቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር። በምን ላስረዳ? አንድ ነገር ግን ተከራከርኩ። ሂሳቡ ውስጥ መኪናው ለጥገና ለቆመበት ቀን ብለው 720 ዶላር ጨምረዋል። በእነዚያ ቀናት ተከራይ እንደነበረው በወረቀት አሳዩኝ ብዬ ጻፍኩ። ጠበቃ የለኝም፤ ራሴ በእንግሊዝኛ አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። ማሳየት አልቻሉም፤ መለሱልኝ።

ስለዚህ ሳትፈርሚ ይህን አድርጊ። ጣሪያ ይሸፈናል አይሸፈንም የሚለውን በኢሜይል ይጻፉልሽ። በአፍ አትቀበዪ። ሠራተኛውን እላይ አስወጥተሽ ጣሪያውን አስቀርጪ። የመኪናውን ቁመት በወረቀት ጽፈሽ መሪው ፊት ለጥፊ። ከተማ ስትገቡ ባልሽ ዳር ያለ ሰፊ ማቆሚያ ላይ ያቁምና በእግር ግቡ። የፍሳሹን ታንክ ስታራግፉም ደረሰኙን ያዙ፤ ባዶ አይደለም ብለው ሊያስከፍሉ ሞክረው ነበር፤ ደረሰኜ ነው ያዳነኝ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባሕሩን ይዞ የሚሄደው ሀይዌይ 1 ክፍት መሆኑን የካልትራንስ (የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት) ገጽ ላይ እዩ። ቢግ ሰር በሚባለው ተራራማ ባሕር ዳር ናዳ አይጠፋም። በፈረንጆቹ 2017 አንዱ ናዳ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶታል። እኛ ስንሄድም ሬጀንትስ ስላይድ የሚሉት ቦታ ተዘግቶ ስለነበር ከካምብሪያ በ46 ወደ ፓሶ ሮብልስ ወጥተን፣ በ101 ዞረን፣ ከሞንተሬይ ወደ ታች ወረድን። ቢክስቢ ድልድይን ያየነው በዚያ በኩል ነው። 1932 ነው የተሠራው፤ ልጆቼ ሲያዩት አፋቸውን ከፈቱ። እዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ነዳጁም ውድ ነው፤ ሞልታችሁ ግቡ። አርቪው በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው። ከኋላችሁ አምስት መኪና ከተሰለፈ ዳር ይዞ ማሳለፍ በካሊፎርኒያ ግዴታ ነው። ወላጆችሽ ገደል የሚፈሩ ከሆነ ደግሞ እንዳሰባችሁት ከደቡብ ወደ ሰሜን መሄዱ ጥሩ ነው፤ በተራራው በኩል ትሆናላችሁ።

ቢግ ሰር ላይ ወደ ፋይፈር ቢች ባሕር ዳርቻ የሚወስደው ጠባብ መንገድ አርቪ አያስገባም። አትሞክሩት። ሳን ፍራንሲስኮም አርቪውን ይዛችሁ አትግቡ፤ ዳገቱም ማቆሚያውም አይሆንም። ከከተማው ውጭ አቁማችሁ በባቡር ግቡ። እግረ መንገዳችሁን ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የእኛን ምግብ ብሉ፤ ወላጆችሽ በዚያ ሰዓት እንጀራ ናፍቋቸዋል።

ጋቢ እንዳትረሺ። ሰኔ ነው ብለሽ ስስ ልብስ እንዳትይዢላቸው። ጁን ግሉም የሚሉት ጉም ባሕር ዳሩን ጠዋት ጠዋት ይሸፍነዋል፤ ይበርዳል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ነው ከሳን ሲሚዮን አለፍ ብሎ ፒየድራስ ብላንካስ ላይ ዝሆን መሰል የባሕር አውሬዎቹን ያየችው። በሐምሌ ግዙፎቹ ወንዶቹ ቆዳቸውን ሊቀይሩ አሸዋው ላይ ይተኛሉ። መግቢያ አይከፈልም። «እግዚአብሔር ሥራው!» እያለች አንድ ሰዓት ቆመች። ከዘጠኙ ቀን ያንን ሰዓት በምንም አልለውጠውም።

ቡናውን ደግሞ አርቪው ውስጥ አትቁሉ። የጭሱ መቆጣጠሪያ ይጮሃል፤ ሽታውም መጋረጃው ላይ ይቀርና የጽዳት ይጠይቋችኋል። ከሰልና ጀበና ያዙ። እኛ ሞሮ ቤይ ላይ ውጭ ባለው የእሳት ቦታ አፈላን። እናቴ ቡናውን ስትቆላ ሽታው የጎረቤት አርቪዎቹን ሰዎች ጠራቸው። አቦሉን ለስድስት ቀዳች። በረካው ላይ አሥራ አንድ ሆነን ነበር።