ከግንቡ በፊት መዝገቡ

እህቴ፣ «አማቴ ማካይ ከሚባለው የስኮትላንድ ጎሳ ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ ወደ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ የተሰደዱ ናቸው ይባላል። የጎሳቸውን አገር ልናሳያቸው አስበናል፣ ከየት እንጀምር?» ላልሽው፣ የእኔም የባለቤቴ ቤተሰቦች ማካይ ስለሆኑና አብሬያቸው ስለሄድኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትኬት ለመቁረጥ አትቸኩሉ። የጎሳ ስም የሚመራችሁ ወደ አለቃው ግንብ ነው። የአማትሽ ሰዎች ግን ገባር የመሆናቸው ዕድል ይበዛል። ስም አንድ ስለሆነ ደም አንድ ነው ማለትም አይደለም፤ እንደኛ ሰባት ቤት የሚቆጠር እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ገባር የባላባቱን ስም ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የአጥቢያው ስም ነው።

እሱን ደግሞ ቀድማችሁ እዚያው ካናዳ ፈልጉ። ኖቫ ስኮሺያ የድሮ መቃብሮች ላይ ሟቹ የየትኛው አጥቢያ ተወላጅ እንደሆነ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ሞልተዋል። የእኛው የድንጋይ ሽበት የሸፈነው ነበር። ባለቤቴ ውሃ አርከፍክፎ በሞባይሉ መብራት ከጎን ሲያበራበት «ፋር፣ ሰዘርላንድ» (ሰሜን ስኮትላንድ፣ ሰዘርላንድ አውራጃ ያለች አጥቢያ) የሚለው ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ መስመር ያዘ።

ቀጥሎ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፤ ጥቂት ገንዘብ እየከፈላችሁ የመዝገቡን ምስል ታያላችሁ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1855 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲሆን በሰሜኑ ደጋ ብዙ ጉድለት አለበት። ሰዎቻችሁ ቀደም ብለው ተሰደው ከሆነ አንድ ዘዴ አለ፦ አገር ቤት የቀረ ወንድም ወይም እህት ፈልጉ። ከ1855 ወዲህ የሞተ ከሆነ የሞት መዝገቡ ላይ የአባቱ ስም፣ የእናቱም ስም ከነትውልድ ቤተሰብ ስሟ ይጻፋል። እኛን ያወጣን ይሄ ነው። ኤድንብራ ስትደርሱ መዝገቡ ቤት ራሱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መፈለግ ይቻላል፤ ወንበር ግን አስቀድማችሁ ያዙ።

ከኤድንብራ እስከ ኢንቨርነስ በባቡር፣ ከዚያ መኪና ተከራዩ። ኢንቨርነስ አጠገብ ከሎደን አለ፣ አማፅያንና የመንግሥት ጦር የተጋጠሙበት የ1746ቱ ጦርነት ሜዳ። ማየቱ አይከፋም፣ ግን ማካዮች በአብዛኛው ከመንግሥት ወገን ስለነበሩ የእናንተ ታሪክ ዋናው እዚያ አይደለም። የእናንተው ሰዘርላንድ ውስጥ ያለው ስትራዝኔቨር ሸለቆ ነው። ከ1814 እስከ 1819 ባለው ጊዜ ሕዝቡ ለበግ እርባታ ሲባል ከቤቱ ተነቅሏል። ቤቲሂል በምትባለው መንደር ያለው ሙዚየም የቀድሞው የፋር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማካዮች ክፍልም አለው። ሸለቆው ውስጥ ሮሳል የምትባለውን የፈረሰች መንደር ሳታዩ እንዳትመለሱ። የቤቶቹ ግድግዳ ከጉልበት አያልፍም፣ ሣር ለብሷል፤ ይታረስ የነበረው ማሳ ትልሙ ዛሬም ይለያል። አማቴ ግንብ እያየን ስንዞር «ያምራል» ከማለት በቀር ምንም አላሉም ነበር፤ እዚያ ግን ከቤት ቤት እየዞሩ በር በሩን ሲፈልጉ ውለው በግድ ነው ያስወጣናቸው።

ደንሮቢን ግንብ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ ያምራልም፤ ግን ያፈናቀሉት የሰዘርላንድ መኳንንት ቤት ነው። አማትሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ይወስኑ። ማካዮች የእኛ ነው የሚሉት ተንግ ከምትባለው መንደር በላይ ያለው የቫሪክ ፍርስራሽ ነው።

«የጎሳችሁ ጨርቅ» እየተባለ ኤድንብራ የሚሸጠውን ስካርፍ ካማራችሁ ግዙ። ለየጎሳው የተለየ ጥለት የተመደበው ግን በአብዛኛው ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ከተማዋን ከጎበኙ ወዲህ ባለው ዘመን ነው፤ የተሰደዱት ሰዎች ለብሰውት የሄዱ አይምሰላችሁ።

ሜይ ወይም ሴፕቴምበር ሂዱ። ጁላይና ኦገስት ትንኙ ፊት አያስገልጥም። የሰሜኑ መንገድ ብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ለመተላለፊያ የተተወችው ቦታ ላይ ፎቶ ለማንሳት እንዳትቆሙ። አውቶማቲክ መኪና ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ በግራ መንዳቱ ብቻውን ይበቃል። አንቺ ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ከሆንሽ የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ባለቤትሽና አማትሽ በካናዳ ፓስፖርት ኦንላይን የሚሞላው የጉዞ ፈቃድ ይበቃቸዋል። ያንቺ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ የሆቴል ገንዘብ አትክፈሉ።