መክተፊያው ለምን ተሰነጠቀ? ከቁርጥራጭ እንጨት ዕቃ ለሚሠሩ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በርና አልጋ የምሠራበት ቤት አለኝ። የሚተርፈኝን የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ አጣብቄ 40 በ28 ሳንቲ ሜትር መክተፊያ ሠራሁ። እንዳይጣመም ብዬ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ በኮላና በምስማር መታሁበት። ደሴ የወሰዱት ደንበኞች በሁለት ወሩ መሐሉ ተሰንጥቆ መለሱልኝ። ጥፋቱ የኮላው ነው የእንጨቱ? ቁርጥራጩንስ ምን ብሠራበት ይሻላል?»

መጀመሪያ ስንጥቁ የት እንዳለ ይዩ። በመጋጠሚያው መስመር ላይ ከሆነ ጥፋቱ የኮላው ነው። በእንጨቱ ገላ ላይ፣ ከምስማሮቹ መሐል ከሆነ ደግሞ የሰነጠቀው እንዳይጣመም ብለው የመቱት አግዳሚ ነው። እርስዎ «መሐሉ» ስላሉ እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 ከመቶ ሲለዋወጥ፣ 28 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገበታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አግዳሚው ግን በርዝመቱ ስለተኛ ንቅንቅ አይልም። መክተፊያው ሲታጠብ ሊሰፋ ይፈልጋል፣ አግዳሚው ይይዘዋል፣ እንጨቱ እዚያው ይጨመቃል። ከምድጃ አጠገብ ሲደርቅ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ነው የሚሰነጠቀው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ መጨመሩና የደሴ ክረምት ጉምና እርጥበትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ግን በየቀኑ መራሱና መድረቁ ነው። ስለዚህ መክተፊያ ላይ አግዳሚ አይምቱ። እግር ካስፈለገ አራት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች በማይዝግ ብሎን ይበቃሉ።

ሌላው ስሕተት ዋንዛና ባሕር ዛፍ በአንድ ገበታ ላይ መግባታቸው ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ከዋንዛ ይበልጥ ይጠባል፣ ይጠማዘዛልም። አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ በጣትዎ የሚታወቅዎት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባሕር ዛፉን ለበርጩማ እግር፣ ለመደርደሪያ ቋሚ ያቆዩት። ጽድ ሽታው ወደ ምግብ ስለሚገባ ለመክተፊያ አይሆንም፤ ለልብስ ሳጥን ግን መልካም ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ (የእንጨት ፍቅፋቂና ብናኝ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ ቀለም የነካው አሮጌ በርም ምግብ አጠገብ አይድረሱ፤ ምድጃም ውስጥ አይማገዱ።

ቁርጥራጩን በአንድ ጥግ ከመከመር በዓይነቱ ይለዩትና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። መድረቁን ለማወቅ የሱቅ ሚዛን ይበቃል፦ ከየክምሩ ሁለት ቁራጭ መዝነው ክብደቱን እዚያው ላይ ይጻፉ፣ በየሳምንቱ ይድገሙት። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ለሥራ ደርሷል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ የሆነ እንጨት ብዙ ሰው ያታልላል፣ ሚዛን ግን አይታለልም።

አሁን መክተፊያው። ከ3 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ እያደረጉ ይሰንጥቁና እያንዳንዱን በጎኑ ያቁሙት። እንዲህ ሲቆም የእንጨቱ ቀለበት መስመር ወደ ላይ ስለሚሆን እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ቢላውንም ይችላል። 9 ቁራጭ ጎንና ጎኑ ከተላገ በኋላ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጥዎታል። ርዝመቱን ቢያንስ 45 አድርገው ይጀምሩና መጨረሻ ላይ 40 ላይ ይቁረጡት። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ቁራጭ በመላጊያ ማሽን ላይ በፍጹም አይስደዱ፤ ማሽኑ ይነጥቅዎታል፣ ጣት የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። አጫጭሩን በእጅ መላጊያ ይሥሩት።

ተራው ነጭ ኮላ ውኃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ጣሳው ላይ «ዲ 3» ተብሎ ውኃ የሚችል መሆኑ የተጻፈበትን ይግዙ። ሁለቱንም ፊት ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በሞርሳ ሲያጠብቁት በመስመሩ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ነጠብጣብ ከወጣ ልኩ ነው። ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል፤ ከመጠን በላይ ካጠበቁት ደግሞ ሁሉም ተጨምቆ ወጥቶ መጋጠሚያው ባዶ ይቀራል። ሞርሳ ከሌለዎት ወፍራም ጣውላ ላይ ሁለት ጠርብ በምስማር ይምቱ፣ ገበታውን ከመሐላቸው ያስገቡ፣ በቀረው ክፍተት ሁለት ሽብልቅ ፊትና ኋላ አድርገው እኩል ይምቱ። ከሥሩ ፌስታል ያንጥፉ፣ አለዚያ ከጣውላው ጋር ይጣበቃል።

ለብርድ ይጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደርቃል፣ አይዝም። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ማጣበቅ ትርፉ ድካም ነው፤ እንጨቱንም ኮላውንም ቤት ውስጥ አሳድረው ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሥሩ። ከጠበቀ በኋላ ሁለት ሰዓት አይንኩት፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ አይላጉት። የኮላው ውኃ መጋጠሚያውን አሳብጦታልና ቶሎ ከተላገ በኋላ ሲደርቅ መስመሩ ይሰረጉዳል።

በብርጭቆ ወረቀት ከሸካራው ወደ ለስላሳው፣ ቁጥር 80፣ 120፣ 180 እያሉ ይፈግፍጉት። ከዚያ በርጥብ ጨርቅ ያብሱትና ሲደርቅ የቆመውን ጭረት በ180 እንደገና ያንሱት። ቫርኒሽ አይቀቡ፤ ቢላ እየላጠው ከሥጋው ጋር ይበላል። የወጥ ዘይትም እየቆየ ይሸታል። ከፋርማሲ የሚገኝ ፈሳሽ ፓራፊን 4 እጅ፣ ንጹሕ የንብ ሰም 1 እጅ፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ (ቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፣ ይቀጣጠላል)። ላዩንም ሥሩንም ጫፉንም ይቀቡ። ሥሩ ካልተቀባ አንድ ወገን ብቻ እርጥበት እየጠጣ ይቆለመማል።

ከመክተፊያ ቀጥሎ የምመክርዎት ረከቦት ነው፤ የሚፈልገው አጭር ጣውላ ነውና። 45 በ32 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኑ 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል። እዚህም ሕጉ ያው ነው፦ የላይኛውን ገበታ በምስማር አይቸንክሩት። በጎኖቹ ውስጠኛ ፊት 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ያውጡ፣ የገበታውን ጠርዝ አቅጥነው ያስገቡት፣ በወርዱ ግራና ቀኝ 2 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተዉ። ኮላ የሚገባው በሁለቱ ጫፎች፣ በእያንዳንዱ ጫፍ መሐል ላይ ብቻ ነው። ረከቦት ቢላ ስለማያገኘው ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሥሩ ጭምር።

የወይራ ቁራጭ ካለዎት ምንም አይሥሩበት። ኮላና ቀለም ያልነካው ንጹሕ ወይራ ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይፈለጋል፤ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅሙት።

ከፋብሪካ የሚወጣ ፓሌትም የሚያገኙ ከሆነ ማኅተሙን ያንብቡ። «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት ዕቃ አይጠቀሙበት። ከመላግዎ በፊት የተበላሸ ስፒከር ማግኔት በላዩ ላይ ያሳልፉ፤ የተደበቀ አንድ ምስማር የማሽኑን ምላጭ ይሸርፋል።

የተመለሱልዎትን መክተፊያዎች አይጣሉ። አግዳሚውን ያላቁ፣ ምስማሩን ይንቀሉ፣ በስንጥቁ ላይ ጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ይሰንጥቁት። ባሕር ዛፉንም በዚያው ያውጡት። ጠርዙን ልገው፣ ሁለቱን አገናኝተው ወደ ብርሃን ሲያዩት ምንም ጭላንጭል ካልታየ ያጣብቁት። ወርዱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ለሽንኩርትና ለቃሪያ መክተፊያ በቂ ነው።